መጀመሪያ መስታወቱን ፈትሹ (በድሮ ካሜራ ፊልም ማንሳት ለምትጀምሩ)

በድሮ ካሜራ ማንሳት ከጀመርኩ ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ፎቶ ቤታቸውን የዘጉ አንድ ጋሼ እቃ ሲያወጡ ላግዛቸው ሄጄ ከመደርደሪያው ስር አንድ የቆዳ ሳጥን ወጣ፣ ስከፍተው የጀርመን ታጣፊ ካሜራ ነው፣ 9 በ12 ሳንቲ ሜትር ፊልም የሚበላ፣ ፊቱ ላይ 13.5 ሳንቲም ቴሳር ሌንስ ኮምፑር በሚባል ሹተር (ለብርሃኑ የሚከፍተውና የሚዘጋው ክፍል) ውስጥ የተቀመጠ፣ ከስድስት የብረት ካሴት ጋር። እሳቸውም "እኔ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው ያነሳሁበት፣ አንተ ሀገር አንሳበት" ብለው ሰጡኝ። ይሄንን የምጽፈው እንደኔ እንዲህ አይነት ካሜራ ከዘመድ ሳጥን ወይ ከመርካቶ አሮጌ እቃ መሃል ያገኘ ሰው እኔ የለፋሁትን ያህል እንዳይለፋ ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ ይሄ ካሜራ የሚያዩበት ቀዳዳ የለውም። ከኋላው አንድ ፊቱ የተፈተገ ሻካራ መስታወት አለ፣ ግራውንድ ግላስ የሚሉት። ሌንሱን ትከፍታለህ፣ ጨርቅ ትከናነባለህ፣ ከፊትህ ያለው ነገር ሁሉ እዛች መስታወት ላይ ያርፋል፣ ግን የላይኛው ወደ ታች፣ ግራው ወደ ቀኝ ሆኖ። ወናፉን (ሌንሱንና ጀርባውን የሚያገናኘውን ተጣጣፊ ክፍል) ወደፊት ወደኋላ እያንቀሳቀስክ ታጠራለህ፣ ከዛ ሌንሱን ዘግተህ መስታወቱ በነበረበት ቦታ ፊልም የያዘውን ካሴት ትከታለህ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ "በነበረበት ቦታ" የሚለው ላይ ነው። መስታወቱ ሻካራ ፊቱ ያረፈበት ርቀትና ፊልሙ ካሴቱ ውስጥ ያረፈበት ርቀት አንድ ካልሆነ አይንህ ያየው ሌላ ፊልሙ ያየው ሌላ ነው።

የኔ የመጀመሪያ ወር ያለቀው እዚህ ጋ ነው። ውድ የሆነውን ፎማፓን 100 ፊልም፣ አንድ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በእጅ ቦርሳው ይዞልኝ የመጣውን (በሚጫን ሻንጣ ውስጥ እንዳታስቀምጡ፣ እዛ የሚፈትሹበት ጨረር ፊልም ያበላሻል) አስራ ሁለቱን አነሳሁ፣ አስራ ሁለቱም ደብዘዝ ያሉ። እኔ ደግሞ ጥፋቱን በሁሉም ነገር ላይ አላከኩ፣ ሌንሱ አርጅቷል አልኩ፣ እጄ ካሜራውን ነክቶታል አልኩ፣ ዴቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው የእጥበት ኬሚካል) ተበላሽቷል አልኩ። አንድ ማታ ጎረቤታችን ያሉትን አባባ በራቸው ላይ ቆመው ያነሳሁትን በማጉያ ሳየው ነው የነቃሁት። አባባ ደብዝዘዋል፣ ጺማቸው ነጭ ጭስ ነው የሚመስለው፣ ከኋላቸው ግን ምናልባት ግማሽ ሜትር የሚርቀው የድንጋይ ግድግዳ ጥርት ብሏል፣ በድንጋዩ መሃል ያለው የጭቃው ስንጥቅ ሁሉ ይቆጠራል። ሌንሱ ደህና ነው ማለት ነው፣ እጄም ደህና ነው፣ ካሜራው ያጠራው ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። አስራ ሁለቱንም ደርድሬ ሳያቸው ሁሉም እንደዛ ናቸው፣ ሁልጊዜ ከኋላ ያለው ነው የጠራው።

መስታወቱን ፈትቼ ሳወጣው ገባኝ። የድሮው ተሰብሮ ይመስለኛል አንድ ሰው በአዲስ ተክቶታል፣ ሲገጥመው ግን ሻካራውን ፊት ወደ ውጪ ወደ ተመልካቹ አዙሮ ለስላሳውን ወደ ሌንሱ አድርጎታል። መሆን ያለበት ግልባጩ ነው፣ ሻካራው ፊት ሁልጊዜ ወደ ሌንሱ ነው የሚዞረው ምክንያቱም ምስሉ የሚያርፈው ሻካራው ላይ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ሲገለበጥ ወደ 1.3 ሚሊ ሜትር ስህተት ያመጣል፣ ይቺ ኢምንት ትመስላለች ግን በ13.5 ሌንስ 2.5 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ስታነሳ ጥራቱን ግማሽ ሜትር ያህል ወደኋላ ትወስደዋለች። ልክ የአባባ ግድግዳ ያለበት ቦታ።

ስለዚህ ካሜራ እጃችሁ እንደገባ ፊልም ሳትገዙ፣ ሹተር ሳታሰሩ፣ መጀመሪያ መስታወቱን ፈትሹ። ጥፍራችሁን በሁለቱም ፊት ላይ ጫር አድርጉ፣ ሻካራው ይታወቃል፣ ወደ ሌንሱ ነው ወይ? ከዛ ርቀቱን ለኩ። እኔ ያደረኩት ቀላል ነው፣ የመስታወቱን ፍሬም ከካሜራው አውጥቼ አንድ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ካሜራው ላይ በሚያርፈው ጠርዙ ላይ አጋድማለሁ፣ ቀጭን የጥርስ እንጨት ከማስመሪያው ጎን አድርጌ ሻካራው ፊት እስኪነካ ገፍቼ ምልክት አደርግበታለሁ፣ ከዛ ካሴቱ ውስጥ የተበላሸ ፊልም ከትቼ በካሴቱም እንደዛው። ሁለቱ ምልክት ከተገጣጠመ ጨረሳችሁ። ካልተገጣጠመ ከመስታወቱ ስር ቀጭን ወረቀት መደረብ ወይ መቀነስ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ የነዚህ የ9 በ12 ካሜራዎች ካሴት የተሰራው ለብርጭቆ ፕሌት (ከፊልም በፊት ምስል ይነሳበት የነበረ የተቀባ መስታወት) ነው፣ ፊልም ደግሞ ከብርጭቆ ይሳሳል፣ ስለዚህ ፊልሙን የምትሰካበት ቀጭን የቆርቆሮ ማቀፊያ ያስፈልጋል፣ ያ ከሌለ ፊልሙ ይወዛወዛል ቦታውንም ይስታል። ካሴት ስትገዙ ማቀፊያው አብሮ መኖሩን እዩ።

መስታወቱ ተሰብሮ ካገኛችሁትም አትደንግጡ። መስታወት ቤት 2 ሚሊ ተራ መስታወት በልክ ታስቆርጣላችሁ፣ ጋራዥ ሄዳችሁ መካኒኮች የሞተር ቫልቭ የሚሞርዱበትን ሻካራ ቅባት ትንሽ ትለምናላችሁ፣ ደቃቁን ነው የምትጠይቁት፣ ከዛ ጠብ ጠብ ውሃ አድርጋችሁ በሌላ ትንሽ መስታወት ክብ ክብ እያደረጋችሁ ትፈትጋላችሁ። ግማሽ ሰአት፣ ወይ አርባ ደቂቃ። መጀመሪያ ድምፁ ይንሿሿል፣ እየቆየ ይለሰልሳል፣ ታጥቦ ሲደርቅ እንደ ማለዳ ጉም እኩል መሆን አለበት፣ የሚያብረቀርቅ ቦታ ካለ ይቀረዋል ማለት ነው። አሁን የምጠቀምበት የራሴ ፍትግ ነው፣ ከድሮውም ይበልጥ ብሩህ ነው።

ከመስታወቱ ቀጥሎ ወናፉ። ማታ መብራት አጥፉና የስልካችሁን መብራት ወናፉ ውስጥ ከታችሁ ዙሪያውን እዩ፣ የሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ እንደ ኮከብ ነጥብ ነጥብ የሚሉ ቀዳዳዎች ይኖራሉ፣ የኔ ሰባት ነበረው። የጨርቅ ማጣበቂያ ከጥቁር ቀለም ጋር ለውሳችሁ በእንጨት ጫፍ ነካ ነካ ማድረግ ነው፣ ወናፉ ተዘርግቶ እያለ፣ ሳይደርቅ እንዳታጥፉት። ሹተሩን ደግሞ በስልክ ስሎው ሞሽን ቪዲዮ ቀርጻችሁ ስንት ፍሬም ክፍት እንደሚቆይ ብትቆጥሩ ቀርፋፋ መሆኑን ታውቃላችሁ። የኔው 1 ሰከንድ የሚለው ሁለት ሰከንድ ሊሞላው ምንም አይቀረው፣ የሰከንድ 25ኛውና 50ኛው ግን ደህና ናቸው፣ ስለዚህ ከነዚህ ከሁለቱ ውጪ አልነካም። በነዚህ በሁለቱ ብቻ ብዙ መስራት ይቻላል።

ፊልም ነገር። ሁሌ ከውጭ እየጠበቁ አይሆንም፣ እኔን ያዳነኝ የራጅ ፊልም ነው። ክሊኒኮች ወደ ዲጂታል ሲዞሩ የቀረ የራጅ ፊልም እዚህም እዛም ይገኛል፣ ከመጠኖቹ አንዱ 18 በ24 ሳንቲም ነው፣ እሱን አራት ቦታ ብትቆርጡት እያንዳንዱ 9 በ12 ነው፣ ለዚህ ካሜራ የተሰራ ነው የሚመስለው። ማቀፊያው ውስጥ እንዲገባ ብቻ ከየጎኑ አንድ ሚሊ መላጨት አለባችሁ። ሌላው ትልቁ ደስታ፣ የራጅ ፊልም ቀይ ስለማያይ በቀይ መብራት ስር እያያችሁ መቁረጥ፣ መጫን፣ ማጠብ ትችላላችሁ። መብራታችሁን ግን ፈትኑት፣ ቁራጭ ፊልም ላይ ሳንቲም አስቀምጣችሁ አምስት ደቂቃ ቀዩ መብራት ስር ተዉትና እጠቡት፣ የሳንቲሙ ክብ ከታየ መብራቱ አይሆንም።

አሁን ትንሽ ቆም ልበል ምክንያቱም ይሄኛው ስለኛ ሰው መልክ ነው። ቀይ የማያይ ፊልም የጠይም ሰው ፊት ከሚገባው በላይ ያጠቁረዋል። የቆዳችን ቀለም ውስጥ ያለው ቀይነትና ቡናማነት ፊልሙ ጋ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። መጀመሪያ አካባቢ አክስቴን ነጭ ጋቢ ለብሳ በጠራራ አነሳኋት፣ ጋቢው ነጭ ነበልባል፣ ፊቷ ጥቁር ቀዳዳ፣ አይኗ እንኳ አይታይም። አክስቴ አይታው ምንም አላለችም፣ አጥፋ አድርጋ መልሳ ሰጠችኝ፣ ያ ዝምታዋ ብዙ ቀን ውስጤ ቆየ። ከዛ በኋላ እንዲህ ነው የማደርገው፣ ሰው ከሆነ በፀሐይ አላነሳም፣ የቤት ጥላ ውስጥ ሰማይ ፊት ለፊት እንዲያይ አድርጌ አቆመዋለሁ፣ ብርሃኑን የምለካው ከፊቱ ላይ ነው እንጂ ከጋቢው ላይ አይደለም፣ በዛ ላይ የብርሃን መለኪያው ካለው አንድ ስቶፕ (እጥፍ ብርሃን ማለት ነው) አንዳንዴ አንድ ተኩል እጨምራለሁ። ስታጥቡ ደግሞ ዴቨሎፐሩን አቅጥኑት፣ እኔ ሮዲናል 1 ለ100 አድርጌ ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው የማጥበው፣ ያኔ ነጩም አይቃጠልም ፊቱም ይወጣል። ፎማፓን ወይ ኤችፒ5 ካላችሁ ግን ለሰው ፊት እሱን አስቀምጡት፣ ሁሉንም ቀለም የሚያይ ፊልም ነው፣ በድፍን ጨለማ ብቻ ነው ግን የሚነካው። የራጁን ለድንጋይ፣ ለዛፍ፣ ለቤት፣ ለገደል።

የራጅ ፊልም ስሜቱን እኔ እንደ 80 አይኤስኦ ነው የምይዘው። የብርሃን መለኪያ ከሌላችሁ፣ ጥላ ጥርት ብሎ በሚወድቅበት ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ በሰከንድ 50ኛ ተኩሱ፣ ትንሽ ይተርፈዋል እንጂ አይጎድለውም። ከ11 ሰአት በኋላ ፀሐዩ ወደ ቢጫና ቀይ ሲሄድ ግን ፊልሙ ይደክማል፣ እጥፍ ስጡት። ቀረብ ብላችሁ ስታነሱም አትርሱ፣ ወናፉ ሲረዝም ብርሃኑ ይሳሳል። መሃል ሜዳ አካባቢ የአንዲት እናት እጅ ሱፍ ሲፈትል በቅርብ ላነሳ ወናፉን ሳወጣው 19 ሳንቲም ደረሰ፣ 19 ለ13.5 ሲካፈል፣ ውጤቱ በራሱ ሲባዛ ሁለት ገደማ ይመጣል፣ ስለዚህ እጥፍ ብርሃን። "እማማ እንዝርቱን ለአንድ አፍታ ያዝ ያድርጉልኝ" ስላቸው እጃቸውን እንዳለ አቁመው እኔን ሳይሆን ክሩን ነው ያዩት፣ ጣታቸው ላይ ያለው የሱፍ ብናኝ ሁሉ ወጥቷል።

ከቤት ውጪ ስትወጡ ምን ያጋጥማችኋል መሰላችሁ፣ ሰው ቀያሽ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ባለ ሶስት እግር፣ ላዩ ላይ ሳጥን፣ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው፣ ይሄ ለገበሬው መሬት የሚለካ ሰው ነው፣ መሬት የሚለካ ሰው ደግሞ በደግ አይመጣም። ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አንድ ገብስ ማሳ ዳር ላይ ካሜራ ሳቆም አራት ሰው ዱላ ይዞ መጣ። ማንም አልነካኝም፣ ግን ፊታቸው ላይ የነበረውን ጭንቀት እስካሁን አስታውሳለሁ፣ አንደኛው "ማን ላከህ? የማንን ድንበር ነው?" አለኝ። እኔም ምንም ሳልከራከር ጨርቁን ገለጥኩና "ይግቡ ይዩት" አልኩ። ትልቅየው ገቡ፣ ዝም አሉ፣ ቆዩ፣ ከውስጥ "ኧረ ገብሱ ተዘቅዝቋል!" አሉ፣ ቀጥሎ ሌላው ገባ፣ ልጆቹም መጡ። አሁን የትም ስሄድ መጀመሪያ ቀበሌ አሳውቃለሁ፣ የአካባቢውን ሽማግሌ ሰላም እላለሁ፣ ካሜራውን ከመዘርጋቴ በፊት ምን እንደሆነ እናገራለሁ፣ ከዛ ሁሉም ሰው በጨርቁ ስር እንዲያይ አደርጋለሁ። ሰአት ይወስዳል። ይውሰድ፣ እነሱም መሬታቸው ነው።

ጨርቅ ካልኩ ላይቀር፣ ገዝታችሁ አትልፉ። ለዚህ ስራ ከመንዝ ባርኖስ የተሻለ አላየሁም። ጥቁር የበግ ጸጉር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ብርሃን አያስገባም፣ ንፋስ አያነሳው፣ ብርዱንም ይከላከላል። ጣርማ በር አፋፉ ላይ ቀጭን ጥቁር ጨርቅ ይዤ ሄጄ ንፋሱ ፊቴ ላይ እያጠመጠመ መስራት አቅቶኝ ሳለ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ባርኖሳቸውን አውልቀው ከላዬ ጣሉብኝ፣ ድንገት ጨለመ፣ ጭስና የበግ ጸጉር ቅባት ይሸታል፣ መስታወቱ ላይ ደግሞ ወደ ቆላው የሚወርደው ገደል በሙሉ ቁልቁል ተሰቅሎ ቁጭ አለ። እዛ ንፋስ ላይ ለካሜራው እግር መሃል ድንጋይ የሞላ ከረጢት አንጠልጥሉ፣ ንፋሱ ጋብ ሲል ብቻ ተኩሱ፣ ወናፉ እንደ ሸራ ነው ንፋስ የሚይዘው። ጓሳ ላይም እንደዛው ነው።

ብርዱ ሌላ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ህዳርና ታህሳስ ጠዋት አመዳይ ሳሩን ነጭ ያደርገዋል፣ ያኔ ነው ብርሃኑ የሚያምረው ግን የሹተሩ ቅባት ይጠነክርና ይንቀራፈፋል። ካሜራውን ጋቢ ውስጥ አቅፋችሁ ሂዱ፣ ልታነሱ ስትሉ ብቻ አውጡት፣ ሁለት ሶስቴ ባዶውን ተኩሱት ይላቀቃል። ጨርቁ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ትንፋሻችሁ መስታወቱን ያጨልመዋል፣ አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ወይ በሻርፕ ሸፍኑና ወደ ጎን ተንፍሱ፣ እኔ ይሄን እስካውቅ ስንት ጠዋት መስታወት ስወለውል ፀሐይ ወጥታብኛለች።

ስታነሱ ቅደም ተከተሉን ጮክ ብላችሁ በሉ። እኔ "ዝጋ፣ ቆስቁስ፣ ክተት፣ ጎትት፣ አንሳ፣ መልስ" እላለሁ። ሌንሱን ዝጋ፣ ሹተሩን ቆስቁስ (ለመተኮስ ወጥረው)፣ ካሴቱን ክተት፣ የካሴቱን ክዳን ጎትት፣ አንሳ፣ ክዳኑን መልስ። "ዝጋ" የምትለዋን የረሳ ሰው ክዳኑን ሲስብ ፊልሙ በሙሉ ይቃጠላል፣ እኔ አንኮበር ላይ ሁለቱን አጥቻለሁ። ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ ካሴቱን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፣ መንገዱ አቧራ ነው። ስታነሱ ፊልሙ ላይ የነበረ ብናኝ ወረቀት ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል፣ ስታትሙ የገባው ነጭ፣ በዚህ ጥፋቱ የት እንደሆነ ትለያላችሁ።

እጥበቱ ላይ የራጅ ፊልም ሁለቱም ፊቱ ብርሃን የሚይዘው ቅብ የተቀባ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል፣ ትሪው ስር መስታወት አንጥፉና አንድ በአንድ እጠቡ፣ ጥፍር አይንካው። ውሃው 20 ዲግሪ መሆን አለበት፣ የኛ የቧንቧ ውሃ ጠዋት እጅ ያደነዝዛል፣ ስለዚህ የዴቨሎፐሩን ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጬ በቴርሞሜትር እጠብቃለሁ፣ ትሪውንም ሌላ ሰፊ ትሪ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ አለዚያ ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ ይበርዳል። ያለቀ ፊክሰር (ምስሉ እንዲጸና የሚያደርገው ኬሚካል) ውስጡ ብር ስላለበት ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ውስጥ አይደፋም፣ እኔ በጀሪካን እያጠራቀምኩ ነው።

ማጉያ ማሽን አያስፈልጋችሁም። ነጋቲቩ በራሱ ትልቅ ነው፣ ፎቶ ወረቀት ላይ አጋድማችሁ መስታወት ጭናችሁ ለጥቂት ሰከንድ መብራት ማብራት ነው፣ በቁራጭ ወረቀት ሞክራችሁ ሰከንዱን ታገኙታላችሁ። ዳግማዊ ምኒልክን ያነሳው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የሰራበት ዘመን እኮ የብርጭቆ ፕሌት ዘመን ነው፣ እንዲህ ያለ መስታወት ላይ አይቶ ነው ያነሳው፣ ከሱም በኋላ ልጆቹ ሙያውን ይዘውታል፣ ስለዚህ ይሄ ሙያ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም።

አንድ የምለምናችሁ ነገር፣ ያነሳችሁትን ሰው ፎቶውን አድርሱለት። ገጠር ውስጥ ስንት ሰው ተነስቶ "እናመጣለን" ተብሎ ቀርቷል። የጣርማ በሩን ሽማግሌ እኔም ባርኖሱን እንደመለስኩላቸው አንስቻቸው ነበር፣ በፎማፓን። ያን ቀን ጨርቁ ስር ሲገቡ ልጃቸው ቆሞላቸው ነው ያዩት፣ "እኔንም እንዲህ እግሬን ወደ ሰማይ አርገህ ነው የምታነሳኝ?" ብለውኝ "የለም አባባ፣ ወረቀቱን ሳዞረው ይቆማሉ" ብያቸው ነበር። ከአምስት ሳምንት በኋላ ይዤ ሄድኩ። ፎቶውን ተቀብለው መጀመሪያ ገለበጡት፣ እግራቸውን ወደ ላይ አደረጉት፣ መልሰው አቆሙት፣ ከዛ ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ባርኖሱ ላይ ያለው የጸጉሩ እሽክርክሪት ይታያል፣ የዱላቸው ቋጠሮ ይታያል፣ አይናቸው ውስጥ ትንሽዬ እኔና ካሜራው እንኳ አለን። ባለቤታቸውን ጠሩ፣ እሳቸውም እጃቸውን ጠርገው ያዙት።

"ሌላው ልጃችን አዋሽ ነው ያለው፣ ሶስት አመት ሆነው" አሉኝ እናትየው፣ "ለሱም አንድ ይኖርሃል?"

ነጋቲቩ ቤቴ ነበር። ማታውኑ አተምኩላቸው።